ቁጭ በሉ እስክል ድረስ

ሰዎቹን አስቀድሜ ላስተዋውቅ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም፣ ፈቃድ አልጠየቅኩምና። አንደኛዋ ልጄ ናት፤ ጨዋታውን የፈጠረችው እሷ ናት። ሁለተኛዋ ዕድሜዋን ሙሉ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ናት። ሦስተኛው ፀጉሩን ሐምራዊ ያስቀለመ ወጣት ነው። አራተኛውና አምስተኛዋ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ቀልደኛ፣ እሷ ዝምተኛ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ትምህርቴን ከመጻሕፍት በራሴ የለቀምኩ፣ ልጆቼ ከኋላዬ "ፖሊሱ" የሚሉኝ አባት።

ጨዋታው ሰሌዳም ጠጠርም የለውም። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ እንደዚያ ሰው እየተናገሩ ታሪኩን አብረው ይፈጥሩታል። አንዱ ደግሞ አጫዋች ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚያሳትሙት በዘንዶና በሰይፍ የተሞላ ነው። ልጄ ግን ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርታማችን ከሥራ መልስ እየተቀመጠች ሦስት ዓመት ሙሉ የራሷን ጻፈች። የእሷ ተጫዋቾች ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አጫዋቹ የልጅቷ አባት ነው። በእኛ ወግ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ስለዚህ ተጫዋቾቹም በእውነት፣ በእግራቸው ይቆማሉ። አባትየው "ቁጭ በሉ" ካለ አሸነፉ። ሳይባል የተቀመጠ ከጨዋታው ወጣ። አባትየውም ከልቡ ሳያምን ቁጭ በሉ ማለት አይችልም።

ለእኔ ይህ ሁሉ የሥራ ፈት ነገር ነበር፤ ፊት ለፊትም ነግሬአታለሁ። ሆኖም ሳጥኖቿን የሚሸከምላት ስላልነበረ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ወደተደረገው የጨዋታ ኮንቬንሽን፣ የጨዋታ ወዳጆች ወደሚሰበሰቡበት ዝግጅት፣ አብሬያት ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ስታጫውት ተመለከትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ሰዎቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተቀመጡ፣ በትሕትና አመሰገኑ፣ ወደ ዘንዶዎቹ ጠረጴዛ ሄዱ።

"ቦሪንግ ነው፣ አባዬ" አለችኝ ካርዶቿን እየሰበሰበች። "የቀረኝ አንድ ሴሽን ነው። እሱም እንዲህ ካለቀ ሎከር ውስጥ ቆልፌበት እተወዋለሁ።"

"ጨዋታው ምንም አልጎደለውም። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ?"

"ገና 'ልጃችን ሥራ አለው' ሲሉሽ ቁጭ በሉ አልሽ። ልጅ እንዲህ ይሰጣል? እግራቸውን ሲያማቸው ታዝኛለሽ።"

"እሺ፣ አንተ አጫውታ!" አለችኝ ተናዳ።

በቁጣ የተናገረችው ነው። እኔ ግን የተናገርኩትን ሠርቼ የማሳይ ሰው ነኝ፤ እሺ አልኩ። ወጥቼ ለመኪናው ፓርኪንግ የሁለት ሰዓት ከፈልኩ። ያለፉት ሁለቱ ጨዋታዎች ግማሽ ሰዓት ካልሞሉ ሁለት ሰዓት ይተርፋል ብዬ ነበር።

አራቱ መጡ። ልጄ ሕጉን አስረድታ ለእያንዳንዳቸው ካርድ ሰጠች፤ ካርዱ ላይ ሽማግሌው ስለ ሙሽራው የሚያውቀው አንድ መልካምና አንድ መጥፎ ነገር አለ። ወንበሮቹን ከራሴ ወንበር በስተቀር ግድግዳ አስደገፍኳቸው። የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በራሴ ቋንቋ እጽፈዋለሁ።

"ጌታዬ፣ ልጃችን መሐንዲስ ነው" ብሎ ባልየው ጀመረ።

"ድልድይ አላዘዝኩም።"

"ቤትም ገዝቷል።"

"ልጄ ቤት አላት። ቆማችሁ የምታወሩት እሱ ውስጥ ነው።"

ሐምራዊውን ወጣት ሳቁ አመለጠው። "እኚህ ሰውዬ ከዘንዶው ይብሳሉ" አለ ለባልየው።

"ጥፋቱን ንገሩኝ" አልኩ።

"ምንም ጥፋት የለበትም" አሉ ባንድ አፍ።

"እንግዲያው መልአክ ነው። መልአክ ሚስት አያስፈልገውም። ደህና ዋሉ።"

አልሄዱም። ባልየው ጫማውን አወለቀ። ወጣቱ "እግሮቼ ከሄዱ ቆዩ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ" አለ። አንድ የአዳራሹ አስተናጋጅ ቆመው ሲያያቸው ወንበር የጎደላቸው መስሎት አራት ወንበር ጎትቶ መጣ። አራቱም ባንድ ጊዜ "ውሰደው!" ብለው ጮኹበት፤ ደንግጦ መልሶ ጎተተው። ከዚያ በኋላ ነው በአጠገባችን ያሉት ጠረጴዛዎች ጨዋታቸውን እየተዉ ሊከቡን የጀመሩት።

ልጄ ከኋላዬ ጎንበስ አለች። "አባዬ፣ ፕሊስ አስቀምጣቸው። ሊቭ ሊያደርጉ ነው፣ ጥለውን ሊሄዱ።"

"አላመንኩም። ሕጉን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አልዋሽም።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። የሦስት ዓመት ድካሟ በእኔ ግትርነት ሊፈርስ ይችላል። ነገር ግን ለሰው ሁሉን አቅልሎ መስጠት እሱን ማክበር አይደለም፤ አትችልም ብሎ መናቅ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ነው። ተሳስቼ ከሆነ የማውቀው ያን ቀን ነበር።

በመጨረሻ ጡረተኛዋ ሴትዮ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ ተናገረች።

"አንድ ነገር ደብቀንዎታል። ልጃችን ከወንድሙ ጋር ተጣልቷል። ጥፋቱም የእሱ ነው። ልናስታርቃቸው ሞክረን አቃተን። ባለፈው ወር ግን ለብቻው ሄዶ የወንድሙን በር አንኳኳ። አልተከፈተለትም። በሳምንቱ ተመልሶ ሄደ። እስከ ዛሬ አልተከፈተለትም፤ እስከ ዛሬ ይሄዳል። ልጅዎን የማያስቀይም ባል አላመጣንልዎትም። ቢያስቀይማት ግን በሩ ላይ የሚቆም ሰው ነው።"

በኋላ ካርዷን አየሁት። "ከወንድሙ ጋር ተጣልቷል" ብቻ ይላል። የቀረውን ከራሷ ነው ያመጣችው።

ጨዋታ መሆኑን ረስቼ ከኋላዬ ስለቆመችው ልጄ አሰብኩ፤ ለእሷ የምመኘው ሰው እንዲህ ያለው ነበር። ከወንበሬ ተነሣሁ።

"ቁጭ በሉ" አልኩ።

አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ዝምተኛዋ ሚስት ወንበር እስኪመጣላት እንኳ አልጠበቀችም፤ ምንጣፉ ላይ ዘጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ለሴትዮዋ የራሴን ወንበር ሰጠኋት። የዝግጅቱ ኃላፊ መጥቶ ልጄን ነገ ሁለት ጊዜ ታጫውቺልናለሽ ወይ ሲላት፣ ከበው ሲያዩ ከነበሩት ገሚሶቹ መሰለፍ ጀምረው ነበር። ልጄ ሳጥኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ እኔ ዞረች።

"ነገም ትመጣለህ?"

"ሥራ አለኝ" አልኳት። በነጋታው ግን ሄድኩ።

ስድስታችንም ልንበላ ስንወጣ የመኪናዬ መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፎ አገኘን፤ ስልሳ ዶላር። ሁለት ሰዓቱ ካለቀ ቆይቷል። አራቱ እንካፈል አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩ።

ሆቴሉ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀና ስል አምስቱም ጠረጴዛውን ከበው ቆመዋል፤ ልጄም ጭምር።

"ምን ሆናችኋል?"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አለች ጡረተኛዋ፣ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር።

"አንቺም ከእነሱ ጋር?" አልኳት ልጄን።

"ዛሬ የሽማግሌዎቹ ወገን ነኝ፣ አባዬ።"

አስተናጋጇ ሜኑውን ታቅፋ ግራ ገብቷት ታያለች። የቻልኩትን ያህል ቆየሁ፤ ብዙም አልቻልኩም። ቁጭ በሉ አልኳቸው።

ከቅጣቱ ለእያንዳንዳችን አሥር ዶላር ደረሰን።