ባዶ የተባሉት በቅሎዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጌታዬ ሐጂ ሙሄ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝና፣ "ምን ትችላለህ?" አሉኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የጨውና የቆዳ መጋዘናቸው ደጃፍ ላይ ቆመናል። እኔ ከድሬዳዋ መምጣቴ ነው። እዚያ አንድ ግሪክ ነጋዴ ቤት ሒሳብ አያያዝ ተምሬ፣ አዲስ ኮት ገዝቼ፣ ያገሬ ሰው ሁሉ ምንም የማያውቅ መስሎኝ ነው የተመለስኩት።

"ሒሳብ በሁለት ጎን እይዛለሁ፤ የገባው በግራ፣ የወጣው በቀኝ" አልኳቸው።

"ወላሂ፣ እኔ እስከ ዛሬ በአንድ ጎን ነው ስከስር የኖርኩ። አሁን በሁለት ጎን ልታከስረኝ መጣህ?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀጠሩኝ። ለምን እንደቀጠሩኝ ዛሬም አልገባኝም፤ ምናልባት ኮቱን ወደውት ይሆናል።

ጊዜው ጣሊያን ከተማውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የሚያሰፋበት ነበር። ካሚዮን እያጓራ የሐረጎን ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሐጂ ግን ዕቃቸውን የሚያመላልሱት በበቅሎ ነው። በቅሎዎቹም ሆኑ ንግዱ የእሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ከሸሪካቸው ከአቶ ተሰማ ጋር እኩል ነው። ሐጂ እስላም፣ አቶ ተሰማ ክርስቲያን፤ አብረው ሲነግዱ ሸብተዋል። በረመዳን አቶ ተሰማ ሐጂ ፊት ውሃ አይጎነጩም፤ በሁዳዴ ሐጂ አቶ ተሰማ ፊት ሥጋ አያነሱም። ሁለቱም ግን ጦሙ ሲፈታ አንዱ ሌላውን "ሆዳም" ሲል ነው የሚውለው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የንብረት ቆጠራ ሆነ። ጨዉን፣ ቆዳውን፣ አቡጀዲውን እየመዘንኩና እየለካሁ ዋጋ አወጣሁ። በረቱ ጋ ስደርስ ሐጂ ክንዴን ያዙኝ።

"በቅሎዎቹን እለፋቸው።"

"እንዴት ሐጂ? ሀብት አይደሉም እንዴ?"

"የሚቆጠረው ለሽያጭ ያለው ነው። ለድሃ ዘካ ሳወጣ የምቆጥረው የሚሸጠውን ብቻ ነው፣ በዕለቱ ገበያ ተምኜ። በቅሎ ትሠራለች እንጂ አትሸጥም። የምትሠራን ማን ይቆጥራታል?"

የሐጂ የሒሳብ ሐሳብ ይህ ነበር፤ ለዘካ ያወጡት ነው፣ ለዘካም ልክ ነበር። የእኔው ደግሞ ድሬዳዋ ሠራሽ ነው። ዕቃው የተገዛበትን ዋጋ ጻፍ፤ በየዓመቱ ለእርጅናው ቀንስ፤ ዕድሜው ሲያልቅ ባዶ ብለህ ዝጋ። ግሪኩ ለመኪናውም ለወንበሩም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው።

"ወንበር ዳገት አይወጣም" አሉ ሐጂ። "በቅሎ መንገድ በለመደች ቁጥር ትሻላለች።"

"ጥርሷ ሲያልቅስ?"

"ያንተም ያልቃል። ያን ጊዜ ባዶ ብዬ ልዝጋህ?"

እንዲህ እየተባባልን ከረምን። ለክርክሩ የሚከፍል ሰው ስላልነበረ ሁለታችንም ልክ ነበርን። አቶ ተሰማ መሐላችን ቁጭ ብለው ይስቃሉ። "እናንተ ስትጨርሱ በቅሎዎቹን አጠጧቸው" ይሉናል።

አንድ ቀን አቶ ተሰማ ቆላ ወርደው ንዳድ ይዟቸው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሐጂ እንደ ልጅ አለቀሱ። መጋዘኑ ውስጥ ድምፅ ጠፋ፤ ሐጂም ከእኔ ጋር መከራከሩን ተዉት።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ድርሻቸውን ሊካፈሉ መጡ። ልጆች አሏቸው። የትውልድ አገራቸው ኩታበር ነው፤ ከዚያ እህል እየገዙ ደሴ ሊያቀርቡ አስበዋል። ለዚህ በቅሎ ያስፈልጋል። በቅሎ ካላገኙ ያላቸው አማራጭ ወንድማቸው ቤት ገብቶ የሰው እጅ እያዩ መኖር ነው። ወንድምየው ሚስት አለችው፤ ሚስቲቱ ደግሞ ምላስ አላት።

ሽማግሎች ከሁለቱም ወገን ተቀመጡ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ ከዚያ እኔ መዝገቤን ገልጬ ተነሣሁ። በጨዉና በቆዳው ማንም አልተጣላም። በቅሎዎቹ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ "ባዶ" አልኩ።

"ምን አልክ አንተ?" አሉ ወይዘሮ አስካለ።

"በሐጂ አቆጣጠር አይቆጠሩም። በእኔ አቆጣጠር ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። ሁለት የተለያየ መንገድ አንድ ቦታ ካደረሰን እውነቱ እሱ ነው ማለት ነው።" በዚህ አነጋገሬ በጣም ነበር የኮራሁት።

"ሁለት ዕውር ተያይዘው ገደል ቢገቡ፣ ገደሉ መንገድ ይሆናል እንዴ?" አሉኝ። ቄሱም ሼሁም ሳቁ። እኔ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ አስካለም የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። "ባሌ የገዛበትን ዋጋ አውቃለሁ። ከዚያ አንዲት አላድ አልቀንስም" አሉ።

"ኧረ አስካለ፣ ሞት ይርሳሽ!" አሉ ሐጂ። "ያቺ ዳለቻዋ ባልሽ ሲገዛት ሁለት ዓይን ነበራት። አሁን ያላት አንድ ነው።"

"በአንድ ዓይኗ መንገድ ስታለች?"

"አልሳተችም።"

"እንግዲያው ሁለተኛው ትርፍ ነበር።"

ሽማግሎቹ ነገሩን ገበያ ይፍታው አሉ። ሁለት በቅሎ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ አንዷ ያቺ ዳለቻ ነበረች። ፀሐዩ ኮቴን አስወለቀኝ። አንድ ነጋዴ የበቅሎዎቹን ጥርስ አየ፤ ቀጥሎ በአገጩ ወደ ካሚዮኑ እያመለከተ፣ "ያ እያለ ይህን ማን ይቀልባል?" አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ኮርቻውን እንኳ አይገዛም።

ተመልሼ ዋጋውን ስናገር ሐጂና እኔ በደስታ ተያየን። ወይዘሮ አስካለ ግን ፈገግ እንኳ አላሉም። "ካሚዮን ባለበት ጠየቅህ። እስቲ ደግሞ በሌለበት ጠይቅ" አሉ።

ኩታበር ወጣሁ። ካሚዮን እዚያ አይደርስም፤ መንገዱ ድንጋይና ቁልቁለት ነው። ገበያ መግቢያው ላይ ሰው ከበበኝ። አንድ ዓይናዋን ሊገዙ ሁለት ሰዎች ተናነቁ። "ለዋጋ ነው እንጂ አልሸጥም" ብል "ታዲያ ምን ልታስጎመጀን አመጣሃት?" ብለው ተቆጡኝ። የጠሩት ዋጋ አቶ ተሰማ ከገዙበት በላይ ነበር።

እንዴት ግራ እንደገባኝ! ያው በቅሎ፣ ያው ጥርስ፣ በአንድ ሰሞን ሁለት ዋጋ። የእኔ ሐሳብ ወደቀ። የሐጂም ወደቀ። የወይዘሮ አስካለም ቢሆን አልቆመም፤ ባላቸው የከፈሉበትን ዋጋ ኮምቦልቻም ኩታበርም የሚያውቀው አልነበረም። ድሬዳዋ ለዚህ አላዘጋጀችኝም።

ሽማግሎቹ ዳግመኛ ሲቀመጡ ወይዘሮ አስካለ ወደ ሐጂ ዞሩ።

"እኛ አገር ወንድማማች መሬት ሲካፈል አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። የበቅሎዎቹን ዋጋ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልምረጥ። ወይ በቅሎዎቹን እኔ እወስድና ግማሽ ዋጋቸው ከጨዉና ከቆዳው ድርሻዬ ይቀነስ። ወይ እርስዎ ያስቀሯቸውና ግማሹን ለእኔ ይስጡኝ።"

"ባዶ ብልስ?" አሉ ሐጂ።

"ይበሉ። አሁኑኑ ነድቻቸው እሄዳለሁ።"

"ብዙ ብልስ?"

"እሱም ደግ ነው። ግማሹን ይቁጠሩልኝና በቅሎዎቹን ሲያዩ ይዋሉ።"

ሐጂን ሳል ያዛቸው። "አንተ!" አሉኝ። "ባዶ ያልከው አንተ ነህ፣ በል ና ተናገራ!"

በኋላ ወደ ጥግ ጎተቱኝ። "ግሪክህን ተወው። እዚህ፣ ካሚዮን ባለበት መንገድ፣ ከእኛ ጋር ቢቆዩ ቀለባቸው ተቀንሶ ምን ያተርፉልናል?" አሉኝ። የቀራቸውን ዕድሜ ገመትኩ፣ በካሚዮን ኪራይ አስተያየሁ፣ ገብሱን ቀነስኩ። የወጣው ባዶ አልነበረም፤ ብዙም አልነበረም።

"ኩታበር ቢሆኑስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሠራሁት፤ እጥፍ ገደማ ሆነ። "እንዲህ ነው ለካ!" አሉ ሐጂ። ያን ጊዜ ለእኔም ገባኝ። የበቅሎ ዋጋ ትናንት በተከፈለባት አይደለም፣ በጥርሷም ብቻ አይደለም፤ ነገ በማን እጅ በየት መንገድ እንደምትሠራ ነው።

ሐጂ ተመለሱና ዋጋ ተናገሩ፤ ከእኛው ከፍ፣ ከኩታበሩ ዝቅ ያለ ነበር። አፋቸውን ሳይገጥሙ ወይዘሮ አስካለ፣ "እወስዳለሁ!" አሉ።

ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "ወንድሜ ቤት አልገባም" አሉ። ደገሙት፤ "ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ቤት አልገባም።" ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉሮሮዬን ጠርጌ "ባዶ" ያልኩት የእኚህን ሴት እንጀራ ነበር።

በቅሎዎቹን ከበረት ስናወጣ ሐጂ ጆሮዬ ሥር መጡ። "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አተረፍን። ካሚዮን በመጣበት ዘመን ማን ይህን ይሰጠኝ ነበር? ለአስካለ እንዳትነግራት፣ ታዝናለች።"

በሩ ጋ ደግሞ ወይዘሮ አስካለ የዳለቻዋን ልጓም ይዘው ጠሩኝ። "ሐጂ ተሞኙ። እንዳትነግራቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ይከፋቸዋል።"

ለአንዳቸውም አልተናገርኩም። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ለእናንተ ሒሳብ ለምትይዙ ወጣቶች የምለው ይህን ነው። በአንድ ንብረት ላይ ዋጋ ስትጽፉ፣ በዚያው ዋጋ ለመስጠትም ለመውሰድም ትቆሙ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የማትቆሙ ከሆነ ሐሳባችሁ ገና አልተፈተነም።