የኮልቢ ትራስክ ተራ

ከልምምድ በፊት የኮልቢ ትራስክን ቁርጭምጭሚት በፋሻ የማስርለት እኔ ነበርኩ። ሚሲሲፒ ውስጥ ባለችው ትንሿ የኮሌጅ ከተማችን፣ ቅዳሜ ጨዋታ ካለ ሠርግ የሚደግስ የለም። ኮልቢ በአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናችን ውስጥ ኳስ ወርዋሪ ነበር፤ ቡድኑን የሚመራው እሱ ቦታ ላይ ያለ ሰው ነው። ግን አራት ዓመት ከአንጋፋዎቹ ጀርባ ተጠባባቂ ሆኖ ቆየ። ሌላ ኮሌጅ ሲጠራውም "እዚህ ጀመርኩ፣ እዚሁ እጨርሳለሁ" ብሎ እምቢ አለ።

በአምስተኛውና በመጨረሻው ዓመቱ ተራው ሲደርስ አሰልጣኝ ሃስኪንስ አስጠራው።

"ከሉዊዚያና ትሬሞን የሚባል ኳስ ወርዋሪ ልጅ ሊጎበኘን ይመጣል። ስንት ኮሌጅ የሚሻማበት ነው! አንተ አስተናግደው፤ ሰው ማላመድ ታውቅበታለህ።"

"ቦታዬን ሊወስድ ነው እንዴ፣ አሰልጣኝ?"

"ምን ነካህ! እሱ ገና እንጭጭ ነው። ዘንድሮ ያንተ ነው።"

ኮልቢ አመነ። ልጁን የአሳማ ጎድን ጥብስ ጋበዘው፤ "ከዚህ የተሻለ ቤት አታገኝም" ብሎም አግባባው። ትሬሞን ፈረመ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሲደርስ የተሰለፈው እሱ ሆነ።

"ሽማግሌው፣ ተቀየምከኝ?" አለው ትሬሞን።

"አንተ ምን አድርገኸኝ? ና፣ የጨዋታ ምልክቶቻችንን ላሳይህ።"

ጥቅምት ላይ ልጁ ትከሻውን ተጎዳ። ኮልቢ ገባና ሁለት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። ከፊቱ የሚከላከሉለት ልጆች ዓይኑን አይተው ሐሳቡን ያውቁ ነበር። ትሬሞን እንደዳነ ግን አሰልጣኙ ኮልቢን መልሶ ተጠባባቂ አደረገው።

"ልምድህን አከብራለሁ፣ ልጄ። ግን ሌሎች ምልምሎች እያዩን ነው፤ እሱን ካላሰለፍኩ ማን ይመጣልኛል?"

የቀሩትን ጨዋታዎች ተሸነፍን። በተመራቂዎቹ ስንብት ቀን አሰልጣኙ ካሜራ ፊት ኮልቢን አቀፈው። ለአባቱም እጁን ዘረጋ፤ ሰውየው ግን እጁን ከኪሱ አላወጣም።

"ልጄን የእንግዳ አሳላፊ አደረግኸው" አለው።

የገና በዓል ሳይደርስ ትሬሞን ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በማግስቱ ኮልቢ ፋሻና መቀስ ሊመልስልኝ መጥቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሃስኪንስ ነበር፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

"ኮልቢ፣ የመጪው ዓመት ቡድን ያንተ ነው!"

"አሰልጣኝ፣ እኔ ጨርሻለሁ። ሕጉ ከዚህ በላይ አያጫውተኝም።"

"ስንተኛ ዓመትህ ነበር?" አለው አሰልጣኙ።

ኮልቢ ሳይመልስ ዘጋው። አሁን ከአባቱ ጋር ዓሣ ያረባል። ጨዋታ ግን አያይም።