የይሻው ቀኝ እጅ

ገሳይ በምትባል መንደር ጨዋነት በሚዛን የሚሸጥ ቢሆን ይሻው ባለጸጋ በሆነ ነበር። ሰው ሲጨብጥ ግራ እጁ ቀኙን ከክርኑ ደግፎ ያነሣል። ለቄስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለሕፃንም፣ ለሚጠላው ሰውም እንዲሁ ነው። አባቶች ልጆቻቸውን ሲቆጡ "እንደ ይሻው እጅህን ደግፈህ ስጥ!" ይላሉ። ሰው በቀላሉ የማይጥማቸው መሪጌታ ገብረሥላሴ እንኳ ልጃቸውን ትሁንን የዳሩለት በዚያው አሰጣጡ ተማርከው ነው።

እውነቱ ግን ወዲህ ነው። ይሻው ሲወለድ ጥጃ ያህል ነበር አሉ። ጭንቅላቱ ወጣና ትከሻው ተቀረቀረ። የመንደሩ ሴቶች ይዘው ጎተቱት። እናቱም እሱም በእግዜር ቸርነት ተረፉ፤ የቀኝ ክንዱ ነርቭ ግን እንደተጎዳ ቀረ። ያ እጅ ግራው ካልተሸከመው ወደ ላይ አይነሣም። ይሻው ይህን ለማን ይንገር? ስድብ ቢሆን ያስተባብል ነበር፤ ምስጋናን ማን ይመልሳል!

ትሁን አረገዘች፤ ሆዷም ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ሆነ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ "ልጁ ትልቅ ነው፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄዳ ትውለድ" አለች። መሪጌታ ግን "ሴት ልጅ በኩሯን የምትወልደው ከእናቷ ቤት ነው፤ ወግ ነው!" ብለው ድርቅ አሉ። ይሻው ምግብም እንቅልፍም አስጠላው። ዝም ካለ ለትሁንና ለልጁ ያሰጋል፤ ከተናገረ ያ ሁሉ ጨዋነት ገደል ገባ።

ምጡ የጀመራት ዕለት አማቱ ፊት ቆመና የደገፈውን ግራ እጁን ለቀቀ። ቀኙ ዱብ ብሎ ወረደ።

"አባባ፣ ይኸው። እኔም ትልቅ ሆኜ ስወለድ ትከሻዬ ተይዞ ነው እንዲህ የሆነው። ደግፌ የምሰጠው ወድጄ አይደለም።"

መሪጌታ እጁን አዩ፣ ፊቱን አዩ። "እንግዲያው ልጄን ስትጠይቀኝ አላከበርኸኝም?"

"እኔስ አክብሬዎት ነበር፤ እጄን ግን አልጠየቅሁትም።"

ሽማግሌውን ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። "ታዲያ ምን ይገትርሃል? መኪና ጥራ እንጂ!"

ሆስፒታል ደርሰው ትሁን ከገባች በኋላ ይሻው ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። "ትከሻው ተይዟል!" ሲባል ሰማ። አዋላጆቹ ግን አልጎተቱም። ኋላ እንደ ነገሩት፣ የትሁንን ጉልበቶች ወደ ሆዷ አጥፈው፣ ከእንብርቷ በታች ተጭነው ነው ትከሻውን ያላቀቁት። እሱ ከዚያ በኋላ የሰማው የሕፃኑን ለቅሶ ብቻ ነው።

ገብተው እንዲያዩ ሲፈቀድ መሪጌታ ልጁን ሊባርኩ ጎንበስ አሉ። ይሻው መልኩ ማንን ይመስላል አላለም፤ ዓይኑ በሕፃኑ ቀኝ እጅ ላይ ተተክሏል። ያች እጅ ማንም ሳይደግፋት ሽቅብ ተነሣችና የመሪጌታን ጢም ጨምድዳ ያዘች።

"ኧረ ይህ ባለጌ!" ብለው ጮኹ።

"እሰየው!" አለ ይሻው እንባው እየወረደ። "ባለጌ ይሁንልኝ!"