የአባቴን ሽጉጥ ማን አቃናው

«በጓሮ በኩል ግቢ። ሰው ሳያይሽ ሥሪልኝና ወደ ሴቶቹ ሂጂ።»

አባቴ ይህን ፊት ለፊቴ ቆመው ያሉኝ ባለፈው እሑድ፣ የወንድሜ የደሳለኝ ልጅ ክርስትና በተነሣበት ቀን ነው። ገሳይ ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ዳስ ተጥሏል። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ የመጡ የወንድሜ ደንበኞች ሳይቀሩ ተቀምጠዋል። ከምሳ በኋላ አባቴ ሽጉጣቸውን በሰው ሁሉ ፊት ለወንድሜ ሊያስረክቡት ነበር። ችግሩ፣ ወንድሜ ላጽዳው ብሎ የኋላ ማነጣጠሪያውን ከነቀለው ወዲህ መመለስ አቅቶታል። ደብረ ታቦር ላይ የብረታ ብረት ቤት ከፍቶ በርና መስኮት የሚበይደው ወንድሜ! ስለዚህ እኔ ተጠራሁ። በጓሮ።

አባቴ ባዶውን ሽጉጥና በመሐረብ የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አኖሩልኝና ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ። ቋጠሮውን ፈታሁት። ጥፍር የምታህል፣ መሐሏ ላይ ሰንጠቅ ያለች ጥቁር ብረት ወጣች። ከእሷ ጋር ደግሞ አንድ አፉ የተጨፈለቀ አሮጌ ቀለህ ነበር። ብረቷን አወቅኋት። ቀለሁን ግን አገላበጥኩት፤ ተተኩሶ ጥይቱ የወጣለት ባዶ ነሐስ ማን ያስቀምጣል? ጓሮው ውስጥ፣ የድንች ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ሲጀምር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ደሳለኝ በዓመት ይበልጠኛል፤ አንድ ክፍል ስለደገመ ግን አብረን እንማር ነበር። በእኛ መንደር በዳግማይ ትንሣኤ ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሸለቆው ይወርዱና ወይራ ላይ ቅል ሰቅለው ይተኩሳሉ። የመታ ዓመቱን ሙሉ ስሙ ይነሣል። የሳተም እንደዚያው። በዚያ ሰሞን አባቴን በቅሎ ጥላቸው የሽጉጣቸው የኋላ ማነጣጠሪያ ወልቆ ጠፍቶ ነበር። እንዲሁ በግምት ተኩሰው ሦስት ጊዜ ሳቱ። ጎረቤታችን አያ ውበቱ ደግሞ አፋቸውን ለነገር የሚያሾሉ ሰው ናቸው።

«ቅሉስ ደኅና ነው፤ ለዳገቱ ግን ሐኪም ጥሩለት!» አሉ።

ይህች ነገር ገበያ ወረደች፣ ሰንበቴ ገባች፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ተነገረች። አባቴ ዓመቱን ሙሉ ከሰው ሲቀመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በጾሙ መሐል አንድ ዘመድ ከጎንደር ሌላ ማነጣጠሪያ አመጣላቸው። ቀኑ ትዝ ይለኛል፤ ከጉና የሚወርደው ነፋስ አቧራውን እያነሣ በር ያንገጫግጭ ነበር፣ እኛም ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እያጠቀስን እንበላ ነበር። አባቴ ብረቷን መደቡ ላይ አኖሩና ተናገሩ።

«ይህችን ሽጉጥ ለዳግማይ ያቃናልኝ፣ የጠየቀኝን አልነፍገውም።»

«ሴትም ብትሆን?» አልኩ።

«ጆሮ የለሽም? ማንም ብያለሁ።»

ሁለታችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነበር። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ ሙያ መማር። አባቴ መላክ የሚችሉት አንዳችንን ብቻ መሆኑን ከእናቴ ጋር ሲነጋገሩ ሰምተናል። የቀረው እርሻውን ያያል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ትዳራለች። እኔን የሚጠይቅ ሰው እንዲያውም ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቶ ነበር።

መጀመሪያ ደሳለኝ ሞከረ። ሽጉጡን ድንጋይ ላይ አጋድሞ ብረቷን በግራ በኩል ደገነና በመዶሻ ወቃት። መዶሻው አዳልጦት የሽጉጡን ጀርባ ቧጠጠው፤ ነጭ ጭረት ተወበት። ደግሞ ወቃት። አልገባ ስትለው ወረወራት።

«የሌላ ሽጉጥ ዕቃ ነው ያመጡልን» ብሎ ኳሱን ይዞ ወጣ። ደሳለኝ ያልሆነለት ነገር ሁሉ ጥፋቱ የዕቃው ነው።

እኔ ግን የእናቴን የስፌት መኪናም፣ የአባቴን ራዲዮም ፈታትቼ የገጠምኩ ነኝ። ያልገባ ነገር የማይገባበት ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ሽጉጡ ጀርባ ላይ ብረቷ የምትንሸራተትበት ጠባብ ቦይ አለ። ሁለቱ አፎቹ በዓይን ሲታዩ እኩል ናቸው። ከእናቴ ጧፍ ቆርሼ በመዳፌ አሙቄ አለሰለስኩና ቦዩ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ሲጠነክር ወደ ግራ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ወደ ቀኝ ስገፋው ሹልክ ብሎ ወጣ። ሰሙን በጣቶቼ መሐል ይዤ አየሁት። በቀኝ በኩል የሚሰፋው የፀጉር ያህል ነው። የፀጉር ያህል! ብረቷ ከቀኝ እንጂ ከግራ የምትገባበት መንገድ ኖሯት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ማጭድ በምንስልበት ሞረድ ሥሯን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ዳበስ አደረግኋት። ብረት በብረት ሲመታ እንደሚቧጠጥ ከደሳለኝ ተምሬአለሁና አባቴ ከሸለቆው ለቅመው ያመጡትን ቀለህ መሐል አስገብቼ በእንጨት ቀስ እያልኩ መታሁ። ነሐሱ ተጨፈለቀ፤ ብረቷ ግን አንድም ሳትጫር ገባች።

አባቴና እኔ ብቻችንን ሸለቆው ወረድን። የመጀመሪያው ጥይት ወደ ግራ ሄደ። ጥይቱን ከሽጉጡ እንዲያወጡ ነገርኳቸውና ብረቷን ትንሽ ወደ ቀኝ ነካ አደረግኋት። ሁለተኛው የወይራውን ቅርንጫፍ ላጠ። እንደገና ነካ አደረግኋት። በሦስተኛው ቅሉ ብትንትኑ ወጣ። አባቴ እንደ ልጅ ሳቁ፣ ግንባሬን ሳሙኝ።

«እጅሽ ይባረክ! በይ ጠይቂኝ።»

«ደብረ ታቦር» አልኩ።

«እሺ» አሉ። እሺ ነው ያሉት። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዳግማይ ደረሰ። እኔ ጠላ ልቀዳ ሸለቆው ዳር ቆሜአለሁ። አባቴ በመጀመሪያው ጥይት ቅሉን መቱት፤ ወንዶቹ ጮኹ። አያ ውበቱ እንኳ ባርኔጣቸውን አነሡ።

«አንተ ደረሰ፣ ማን አቃናት?» አሉ አባቴን በስማቸው ጠርተው።

አባቴ ወደ እኔ አዩ። የጠላው ማንቆርቆሪያ እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን መለሱና «ደሳለኝ ነዋ! የወንድ ልጅ አባት አይደለሁ?» አሉ።

«እኔ ነኝ ያቃናኋት» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከዚያ አያ ውበቱ ሳቁ። «አንጓችዬ፣ ሴት የነካችው መሣሪያ ይከሽፋል እንጂ ቅል ይመታል እንዴ? በይ ጠላሽን ቅጂ!» ሸለቆው በሳቅ ተሞላ። ደሳለኝ መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። አባቴም ሳቁ። የሌሎቹን ረስቼዋለሁ፣ የአባቴን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ቤት ስንገባ ጠየቅኋቸው። «አባዬ፣ ቃልዎስ?»

«ምን ላድርግ? በሰው ፊት ደሳለኝ ነው ብያለሁ። እጁ ለብረት የተፈጠረ ነው እየተባለ እሱን አስቀርቼ አንቺን ብልክ ሰው ምን ይለኛል?»

«እውነቱን ቢነግሩትስ ሰውን?»

«በቃሽ!»

ደሳለኝ ደብረ ታቦር ሄደ። ለእኔ ሽማግሌ መጣ፤ እምቢ አልኩ። ከዚያ እምቢታ ወዲህ ቤቱ ቤቴ አልነበረም። ዐረብ አገር ሄጄ፣ ሪያድ ስድስት ዓመት የሰው ወለል ጠረግሁ። የእመቤቲቱ ማጠቢያ መኪና ሲበላሽ የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ ባልየው ለዘመዶቹ የሚያወራው ግን ራሱ እንደሠራው አድርጎ ነበር። ያን ጊዜ ሳቅሁ። የሠራሁትን ሌላ ሰው ሲኮራበት ከአገሬ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሁን ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። ሰዎች ሱቄ ሲገቡ «ባለሙያው የለም?» ይሉኛል።

እና ባለፈው እሑድ፣ የድንች ከረጢት ላይ ተቀምጬ፣ ያን የተጨፈለቀ ቀለህ እያየሁ ነበር። አባቴ አስቀምጠውት ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት፣ በመሐረብ ቋጥረው። ረስተውት ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። አልረሱትም።

ተነሣሁ። በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት፣ በዳሱ መሐል አለፍኩ። አያ ውበቱ ድፎውን እየቆረሱ «ይህ ልጅ እኮ ገና ጢሙ ሳይወጣ ሽጉጥ ያቃና ነው! እኛ ዓይናችን ያየው ነው!» ይላሉ። ሽጉጡንና ብረቷን ደሳለኝ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«እስኪ አስገባት፤ እንግዶቹ ይዩልህ።»

«አንጓች፣ አሁን ምግብ ላይ?» አለ። ላቡ መጥቷል።

«ምን ችግር አለው፤ አሳየን እንጂ!» አሉ አያ ውበቱ። «ያቃናሃት አንተ አይደለህ?»

ደሳለኝ ሽጉጡን አነሣ። ያ ነጭ ጭረት አሁንም ጀርባው ላይ ነበር። ብረቷን ገለበጣት፣ መልሶ ገለበጣት። ከዚያ በግራ በኩል ደገናትና «መዶሻ አምጡልኝ» አለ።

«በቀኝ ነው» አሉ አባቴ።

ከዳሱ ምሰሶ ሥር ቆመው ነበር። ያሉት በቀስታ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማ። አያ ውበቱ ቢላዋውን እንደያዙ ዞሩ።

«ደረሰ? አንተ በምን አወቅህ?»

አባቴ እኔን ነበር የሚያዩት።

«አንጓች» አሉ፤ «ልጄ፣ እስኪ ነይ አንቺ...»

ቀለሁን ከመዳፌ አውጥቼ ሽጉጡ አጠገብ አስቀመጥኩ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ከነፋስ መውጫ የሚመጣ ሚኒባስ ነበር፤ እጄን ዘረጋሁ።

«ደብረ ታቦር» አልኩት ረዳቱን፣ ገባሁ።