የዋዜማው ሹሩባ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ወጋሕታን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ አዲስ ገቢ ነው፣ ወይ መላጣ። የሌላው ሰው የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ የእሷ ያለው ሰው ራስ ላይ ነው። ሐምሌ ተጋምሶ ዝናቡ ሲያይል ሥራዋ ቀዝቀዝ ይላል፣ የፍልሰታ ጾም ሲገባ ጭራሽ ይጠፋል። ከቡሄ ማግስት ጀምሮ ግን ምሳ ለመቅመስ እንኳ ፋታ የላትም። መጀመሪያ ለአሸንዳ የሚሠሩት ልጃገረዶች ይመጣሉ። ዘንድሮ መውሊድም እዚያው ሳምንት ላይ ስለዋለ የጎረቤቷ የሙፊዳ ሴቶች ልጆች ተጨምረውባታል። እነሱ ወጥተው ሳያልቁ የእንቁጣጣሽ ወረፋ ይያዛል፤ ከዚያ ደግሞ መስቀል አለ። ከተማው በዓሉን በድምፅ ማጉያ ከማወጁ በፊት ወጋሕታ በጣቶቿ ታውቀዋለች።

ሹሩባ ሠሪ ግን አንድ ክፉ ዕጣ አለባት። ልብስ ሰፊ የራሱን ሱሪ ይሰፋል፤ ጫማ ሰፊም ለራሱ አያንስም። እሷ ግን ከፊት ያለውን ታግላ ብትጎነጉነው እንኳ ማጅራቷ ላይ ያለው የሰው እጅ ይፈልጋል። ለወጋሕታ ያ እጅ የብርክቲ እጅ ነበር።

ሁለቱም የተምቤን ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ የገቡት በአንድ ክረምት ነው፤ የተከራዩትም ግድግዳ የሚጋሩ ክፍሎችን። በየዓመቱ በአሸንዳ ዋዜማ፣ ደንበኛው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ መጀመሪያ ብርክቲ ዱካው ላይ ትቀመጥና ወጋሕታ ትሠራታለች። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። በዓሉ የልጃገረዶች ነው፣ አሮጊት ምን አገባት የሚል ካለ ይበል፤ እነሱ ትተውት አያውቁም። ወጋሕታ ባሏን ከቀበረች ቆይታለች፤ ልጅም አልወለደችም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ራሷን የሚዳብሳት ሰው ብርክቲ ብቻ ናት። የሰውን ራስ ሲነካካ ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብርክቲ ልጅ ስትወልድ ወደ ማዶው መንደር ተሻግራ ነበር፤ አምና ያ መንደር ለልማት ተነሣና ከልጇና ከልጇ ሚስት ጋር ኮዬ ፈጬ ገባች። ከዚያ ጌጃ ሰፈር ለመምጣት ታክሲ እየቀያየሩ ግማሽ ቀን መጨረስ ነው። ያም ሆኖ ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውላ፣ «ለዋዜማው እመጣለሁ፤ በዓሉን ከልጆቹ ጋር ስለምውል ዋዜማው ያንቺ ነው» ብላታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጋሕታ አንዲት ልጃገረድ እንኳ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ አልቀጠረችም።

ዋዜማው ደረሰ። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በጭቃው መንገድ እየተንፏቀቀች የአሸንዳን ፕሮግራም ስታስነግር ዋለች፤ ከበሮ ያላችሁ ከበሮ፣ ጥልፍ ቀሚስ ያላችሁ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳችሁ ኑ እያለች። የመጨረሻዋ ባለወረፋ ሕያብ ነበረች፣ ባንክ የምትሠራ ለፍላፊ ልጅ።

«እትዬ ወጋሕታ፣ የእርስዎን ማን ሊሠራልዎት ነው? እኔ እኮ እችላለሁ። እናቴን የምሠራት እኔ ነኝ።»

«ሠሪ አለኝ» አለች ወጋሕታ፣ ሚዶውን በጥርሷ እንደያዘች።

«አምስት ደቂቃ ይቀመጡልኝና...»

«ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ! አንገትሽን አቅኚ።»

ሕያብ እየሳቀች ተሠርታ ሄደች። ወጋሕታ የወዳደቀውን ፀጉር ጠረገች፤ ፀጉሯን ፈታታ አበጠረችና በሻሽ ሸብ አደረገችው፤ ዱካውን በር አጠገብ፣ ብርሃን ባለበት አስቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብርክቲ የቀረች መሰላት። የሰው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ደጃፉን አልፎ ሲሄድ ትቀመጣለች። እንዲህ መሆኗ ራሷን አሳፈራት፤ ሙሽራ የምትጠብቅ ይመስል!

ሊመሽ ሲል ብርክቲ መጣች። ነጠላዋ በስብሶ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። ተሳሳሙ፣ ደግመው ተሳሳሙ። ወጋሕታ ነጠላውን ልታሰጣላት ብላ ስትገፈው እጇ አየር ላይ ቀረ። ብርክቲ ተሠርታ ነው የመጣችው። የአልባሶ ሹሩባዋ ቀጭንና ወፍራሙ እየተፈራረቀ በሥርዓት ተደርድሯል፤ መስመሩ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። የዋዛ ሰው እጅ አይደለም።

«የልጄ ሚስት ናት ፀጉር ቤት የወሰደችኝ» አለች ብርክቲ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

ወጋሕታ ሆድ ባሳት። የሠራቻትን ሴት ሳታያት ጠላቻት። ሳምንቱን ሙሉ ስትጠብቅ የከረመችው ለዚህ ነው? መቀየሟን ላለማሳየት ስትል ምላሷ ቀደማት።

«ደግ አደረገች» አለች፣ ሻሿን በእጇ ያዝ አድርጋ። «እኔም ተሠርቻለሁ።»

«ተሠርተሻል?»

«ሕያብ የምትባል ልጅ አለች። እጇ ጥሩ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወጋሕታ ይህን ስትል ብርክቲ ቅር እንዲላት ፈልጋ ነበር፣ ጥቂት እንኳ። ብርክቲ ግን ዱካው ላይ ዘፍ ብላ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ተመስገን! እንኳን ተሠራሽ!» አለችና እስካሁን በቀሚሷ እጥፋት ሸሽጋቸው የነበሩትን እጆቿን አወጣች። የጣቶቿ መገጣጠሚያ አባብጧል፤ ጣቶቹም ወደ ውስጥ ተቆልምመዋል። «ይኸው ክረምቱ ከገባ ቁርጥማቱ ማንኪያ እንኳ አላስይዝ ብሎኛል። እንዲያው ፀጉሬን ፈትቼ ብመጣ አንቺ ትሠሪኛለሽ። ከዚያ ተነሥተሽ እፊቴ ልትቀመጪ ነው። ያኔ ምን እልሻለሁ? መንገዱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት። ልቅር ብዬም ነበር።»

ወጋሕታ «ውሸቴን ነው፣ አልተሠራሁም፤ ግድ የለሽም፣ ዝም ብለሽ ብትዳብሺኝ ይበቃኛል» ማለት ፈለገች። ነገር ግን የብርክቲ ፊት ገና አሁን ፈታ ማለቱ ነው፤ እንዴት ብላ መልሳ ታጨፍግገው? ሐሳቧን ተወችው። በዱካው ፊት ተንበርክካ እነዚያን ጣቶች በሁለት እጆቿ መካከል አድርጋ ታሻቸው ጀመር።

ሻይ ጠጡ። ስለ ተምቤን አወሩ፣ ስለ ሞቱት፣ በየኮንዶሚኒየሙ ስለተበተኑት። ብርክቲ የፎቁ ደረጃ እንዳስቸገራት፣ በሩን ዘግቶ የሚውል ጎረቤት እንዳላት ነገረቻት። «እዚያ አሸንዳ የሚባል ነገር ይኖር ይሆን?» ብላ ጠየቀች ወጋሕታ። «ሙዚቃው ከታች ይሰማል አሉ፤ እኔ እስክወርድ ያልቃል» አለች ብርክቲ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ብርክቲ ታክሲ እንዳያመልጣት ሰጋችና ብድግ አለች።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። በሩ ላይ ተሳሳሙ። ብርክቲ በዕድሜ ትንሽ ስለምትበልጥ ልትመርቃት እጇን አንሥታ የወጋሕታ ራስ ላይ ጫነች። «ዓመት ዓመት ያድርሰን» እያለች፣ ሠርታት ስትጨርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ መዳፏን ከግንባሯ ወደ ማጅራቷ አወረደችው።

መሐል ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ።

ጣቶቿ ማንኪያ አይያዙ እንጂ መዳፏ ራስ ማወቅ አልረሳም። ከሻሹ ሥር መስመር የለም፣ ጉንጉን የለም፤ የተበጠረ፣ የተፈታ ፀጉር ብቻ ነው ያለው። ወጋሕታ አንገቷን እንዳቀረቀረች ቀረች። እጁ ከራሷ ላይ አልተነሣም። እንዲነሣም አልፈለገችም።

«ጥሩ አድርጋ ሠርታሻለች» አለች ብርክቲ በመጨረሻ። ድምጿ ሰለል ብሎ ነበር። «እጇን ይባርከው።»

«አሜን» አለች ወጋሕታ።

ብርክቲ እርጥቡን ነጠላዋን ተከናንባ ጭቃውን እየመረጠች ወደ ታክሲው ወረደች። ወጋሕታም ሻሿን ሳትፈታ በሯን ዘጋች።