የልቡ ከራማ አልተበላም

የሰፈሩ ሰዎች ሲርልኸቲምን የተቀየሙት ስለታመመ አይደለም። ከዳነ በኋላ፣ ያውም በጉ ታርዶ ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ ስላለ ነው።

ሲርልኸቲም ከድንበር ማዶ ባለችው ሸንዲ ከተማ፣ አባይ ዳር ጡብ ሲያቃጥል ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። ጡቡ ተደርድሮ ሳያልቅ ውሃ መጠጣት ለእሱ ነውር ነበር። ሸሚዙ ላይ ላቡ ደርቆ ጨው እየጋገረ፣ «ውሃ አራስ ትጠጣ!» ይላል። አንድ ዓመት በግንቦት ንዳድ ወገቡን ሲቆርጠው የሕመም ማስታገሻ ክኒን በሻይ ይውጥ ጀመር፤ ጠዋት ሁለት፣ ቀትር ሁለት፣ ማታ ሁለት። በአምስተኛው ቀን ሽንቱ ቀጥ አለ። ሰውየው አንድም ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ኩላሊቶቹ ግን ሳያስፈቅዱት ሥራ አቆሙ።

ሆስፒታል ገብቶ ደሙ ሁለት ጊዜ በማሽን ታጠበ። በአሥረኛው ቀን ሽንቱ ሲመለስ ሚስቱ ኒዕማት ኮሪደሩን በእልልታ አቀለጠችው። ለሽንት እልል ሲባል በዚያ ከተማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ነገር ግን ቃሏ የማያወላዳ። «ሐጅ፣ ኩላሊትዎ ተመልሷል። እንዲህ በድንገት የተጎዳ ኩላሊት ግን ዳነ ተብሎ አይተውም። ጣጣው ዞሮ ልብ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ እንኳ። ጨው ይቀንሱ፣ ያንን ክኒን ዳግም እንዳይነኩ፣ በየሦስት ወሩ እየመጡ የደም ግፊትዎን ይለኩ» አለችው። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ማለቷ ነው።

ቤቱ እንደገባ ከራማ ወጣለት። ከራማ ማለት ከሞት ለተረፈ ሰው የሚታረድ የምስጋና በግ ነው፤ ጎረቤት ይበላል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ በሽታው በዚያው ይዘጋል። የጎረቤቶቹ አለቃ ባቢከር የበጉን ሁለቱንም ኩላሊት ለብቻው በልቶ፣ «አላህ የሲርልኸቲምን ኩላሊት ይጠብቅ!» እያለ አፉን ጠረገ።

ሦስት ወር ሞላና ሲርልኸቲም ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ ወጣ። ባቢከር ደጁ ላይ ያዘው።

«ወዴት ነው?»

«ክሊኒክ። ግፊቴን ልለካ።»

«አሞሃል?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ደህና ሰው ክሊኒክ ምን ይሠራል? በጉን አልበላንልህም እንዴ? ዱዓችሁ አልደረሰም እያልከን ነው?»

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «እኔስ ሁለት ቀን ሆዴን ያመመኝ ለማን ብዬ ነው?» ብሎ አምርሮ ተናገረ። ሲርልኸቲም እሳት አይፈራም፣ ይሉኝታ ግን ይገድለዋል። ተመለሰ። በስድስተኛው ወርም ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጀላቢያውንም አላወጣም።

ዓመት ተኩል አለፈ። አሥር ጡብ መሸከምን እንደ ዕረፍት ይቆጥር የነበረው ሰውዬ ባዶ እጁን ሲራመድ ትንፋሽ አጠረው። እግሩ አብጦ ጫማው እምቢ አለ። ባቢከር ይህን አይቶ ደስ አለው፤ «ወፈርክ እኮ! የበጉ በረከት ነው» አለው።

ኒዕማት ግን ዓይኗ ታውሮ አልነበረም። ባሏ ሊሞትባት ነው፣ የሚገድለው ደግሞ ያ የተበላ በግ ነው። ተነስታ ሰፈሩ ቃላቸውን የሚያከብርላቸው ሼኽ ጠይፉር ዘንድ ሄደች፤ ሼኹም ሰፈሩን ሰበሰቡ።

«ከራማ ከተበላ በሽታ የለም፤ ያባቶቻችን ወግ ነው» አለ ባቢከር።

«መልካም» አሉ ሼኹ። «የበጉን ኩላሊት ማን በላ?»

«እኔ። ሁለቱንም።»

«ልቡንስ?»

ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው የማን ሆድ እንደገባ ታወቀ፤ የልቡ ነገር ግን ጠፋ።

ኒዕማት ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። «ሼኻችን፣ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ልቡን ድመት ወሰደው።»

ሼኹ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። «እንግዲያው የኩላሊቱ ከራማ ተበልቷል፣ የልቡ አልተበላም። ኩላሊቱ ድኗል፤ ልቡ ገና ክፍት ነው። ይታከም።»

«ድሮም አላማረኝም ነበር! ይህን እያወቃችሁ ሰውየውን እቤት ታስቀምጡታላችሁ?» ብሎ ባቢከር ራሱ ጮኸ፤ የአህያ ጋሪውንም አምጥቶ ሲርልኸቲምን ጫነው። ሰፈሩ ተከትሎ ክሊኒክ ደረሰ።

ግፊቱ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ሆነ። ሐኪሟ ልቡን አዳምጣ ያበጠ እግሩን ጫን ጫን አደረገች። «ልብዎ ደክሟል። መድኃኒት ከጀመሩ ገና ጊዜ አለ። ግን ዓመት ተኩል የት ነበሩ?»



ባቢከር ጉሮሮውን ጠረገ። «የልቡን በግ መቼ እንረድ?»

«ክትትሉ ሲያልቅ ነው፤ ይህ ክትትል ደግሞ ማለቂያ የለውም» አለች ሐኪሟ።

በጉ ተገዝቶ ባቢከር ደጅ ታሰረ። በየሦስት ወሩ ባቢከር ጋሪውን ጠምዶ «ተነስ፣ በጉ እያረጀ ነው!» እያለ ሲርልኸቲምን በግድ ይወስደዋል።

ያን የመጀመሪያውን ቀን ከክሊኒክ ተመልሰው ቤታቸው እንደገቡ ሲርልኸቲም አልጋው ላይ ጋደም ብሎ አሰበ፣ አሰበና፣

«ኒዕማት፣ እኛ ቤት ድመት መቼ ነበረ?» አላት።

«አልነበረም» አለች ክኒኑን ከማሸጊያው እያወጣች። «ልቡን የበላኸው አንተ ነህ። ጠብሼ በእጄ አጎረስኩህ። ጨው አነሰው ብለህም ተቆጣኸኝ።»

ቀና አለ። «እና በሼኹ ፊት ዋሸሽ? ከራማው ተዘግቷል ማለት ነዋ!»

«አዎ ዋሸሁ። አንተ ብትሞት ለእነሱ ሌላ ድግስ ነው፤ ለእኔ ግን ሌላ አንተ የለም። በል አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ክኒኑን በውሃ ዋጠ።