ከወንዝ ዳር የተለቀመ ሰልባጅ

በፒየድራስ ኔግራስ ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ በታች ባለው ገበያ፣ ኡላሊያ ሬንቴሪያን የማያውቅ አልነበረም፤ ወጣቶቹ በአክብሮት "ዶኛ ላላ" ይሏታል። ሰልባጅ ነጋዴ ናት። ከድንበሩ ወንዝ ድልድይ ማዶ፣ ከአሜሪካኖቹ ከተማ፣ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣውን ልብስ ፈትታ፣ የተቀደደውን ጠቅማ፣ ቁልፍ የጎደለውን ሞልታ፣ በካውያ ተኩሳ ስትሰቅለው አዲስ ነው ብሎ የሚምል ገዢ አይጠፋም።

ትውልዷ ናቫ ነው፣ ከከሰል ጉድጓዶቹ ዘንድ። ባሏ ኤቫሪስቶ ዕድሜውን ከመሬት በታች ሲቆፍር ኖሮ በመጨረሻ ጥቁር አክታ እየተፋ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። እሱን ከቀበረች በኋላ እቃዋን ጭና ወደ ከተማ ወረደችና ከወንዙ አጠገብ፣ ሸምበቆው ከሚጀምርበት፣ ሁለት ክፍል ቤት ያዘች። በግቢዋ ከአጥሩ እስከ አንድ እሾሃማ ዛፍ የተወጠረ የልብስ ገመድ ነበራት። የዚያ አገር የበጋ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም፤ ጠዋት ያሰጡት ብርድ ልብስ ቁርስ ሳይበላ ይደርቃል።

ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰ ጊዜ ድልድዩ ተዘጋ። ቦንዳ ቀረ። የኡላሊያ መስቀያ ከቀን ወደ ቀን ሳሳ። አጠገቧ የስንዴ ቂጣ በቦሎቄና በፍየል ሥጋ ጠቅልላ የምትሸጠው ኦብዱሊያ፣ አፏ እንደ በርበሬዋ የሚያቃጥል ሴት፣ አንድ ቀን ባዶውን መስቀያ አየችና፣

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትሰቅዪ ነው? እኔን?" አለቻት።

"አንቺን ማን ይገዛሻል? ሰፊ ቁጥር አይፈለግም" አለች ኡላሊያ።

ሳቁ፤ ሳቅ ግን እራት አይሆንም። በማግስቱ ጠዋት ኡላሊያ ጆንያ ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች።

በወንዙ ዳር ምን እንዳለ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዕቃ ባቡር ጣሪያ ላይ ተሳፍረው ከሩቅ ደቡብ የሚመጡት ሰዎች ወደ ማዶ የሚሻገሩት በዚያ ነው። ልብሳቸውን አውልቀው፣ ስልካቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይገባሉ። የከበዳቸውን ሸምበቆው ሥር ይተዉታል፤ ሱሪ፣ ሹራብ፣ ክሩ እንደታሰረ የተቀመጠ ጫማ። ማን ተሻገረ፣ ማን ሰመጠ፣ ማን ተይዞ ተመለሰ፣ ልብሱ አይናገርም። ኡላሊያ ዙሪያዋን አየች፤ የሚያያት የለም። "ለጎርፍ ከሚቀር" አለች ለራሷ፣ አንድ ሱሪ አነሳችና ጆንያው ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ እጇ ለመደ።

አጥባ፣ ተኩሳ ሸጠችው። ገዢም ከየት አመጣሽው አላለም። ኦብዱሊያ ታውቅ ነበር፤ እሷም ዝም አለች።

በሐምሌ ወር ግን፣ የዚያ አገር በጋ በሚከርርበት፣ አንዲት የሴት ጂንስ ጃኬት አገኘች። ግራ ኪሷ ተቀድዶ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ የኮርቻ ሰፊ ስፌት ይመስላል፣ ወፍራም፣ ጥርስ በጥርስ የተጠጋጋ። ኡላሊያ እንደ ሌላው ሁሉ አጠበቻትና ገመዱ ላይ ሰቀለቻት። ከሰዓት ብታያት ውሃዋ ይንጠባጠባል። አጠገቧ የተሰቀለው ሸሚዝ እንደ ወረቀት ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ጨመቀቻትና መልሳ ሰቀለቻት። በማግስቱም ያው። በሦስተኛውም ያው። ሥሯ ያለው መሬት ጭቃ ሆነ፤ ጭቃውም ወንዝ ወንዝ ይሸታል።

"ክንድሽ ደክሟል እንጂ ምን ይሆናል፤ መጭመቅ አቅቶሽ ነው" አለቻት ኦብዱሊያ ገበያ ላይ ስትነግራት።

በዚያው ሳምንት፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚተኛበት በቀትር ሰዓት፣ ኡላሊያ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ሳለ ከግቢው የወጣት ሴት ድምፅ ሰማች።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጃኬቴ ደርቆ ይሆን?"

አነጋገሯ ያገሩ አልነበረም፤ የደቡቦቹ ለዛ አለው። ኡላሊያ ተነስታ በሩን ከፈተች። ማንም የለም። የግቢው መዝጊያ እንደተቀረቀረ ነው። ጃኬቷ ብቻ፣ ንፋስ በሌለበት፣ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች።

ድምፁ በየቀትሩ መጣ። አይጮህም፣ አይቆጣም፤ ውሃ እንደሚለምን መንገደኛ ይጠይቃል። ኡላሊያ መጀመሪያ አባታችን ሆይ ደገመች፤ ቀጥሎ ጆሮዋን በትራስ አፈነች፤ አንድ ቀን ግን ሳታስበው አፏ፣ "ገና ነው፣ ልጄ" ብሎ መለሰ። መመለሷ ራሷን አስደነገጣት።

ለመገላገል ስትል ጃኬቷን ገበያ ወሰደቻት። ጉዱ ደግሞ፣ ከግቢው እንደወጣች ደረቀች። የመኪና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሚገጣጥሙበት ፋብሪካ የምትሠራ ብሪሴይዳ የምትባል ልጅ ለካቻት፣ ልክ ሆነላት፣ ገዝታ ለብሳት ሄደች። ኡላሊያ እፎይ አለች። ግቢውም ዝም አለ።

ዝምታው ጥቂት ሳምንት ቆየ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፀሐይ ያከሰለው ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከሱቅ ሱቅ ስልኩን እያሳየ ሲመጣ አየች። ኔክታሊ ሜሂያ ይባላል፤ ከሆንዱራስ ነው የመጣው፤ ኮርቻ ሰፊ ነው። ልጁ ሱያፓ ከዚህ ከተማ ደውላ፣ "ነገ እሻገራለሁ" ካለችው በኋላ ድምፅዋ ጠፍቷል። ፎቶውን ለኡላሊያ አቀረበላት። አንዲት ጉንጫም ልጅ ትስቃለች። የጃኬቷ ኪስ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

"ያውቋታል?" አላት።

"አላየኋትም" አለች ኡላሊያ። ውሸትም አልነበረም፤ ልጅቷን አይታት አታውቅም። ሰውዬው አመስግኖ ወደ ኦብዱሊያ ሄደ። ኦብዱሊያ ፎቶውን አይታ ቀና ስትል ዓይኗ ከኡላሊያ ዓይን ጋር ገጠመ። ለሰውዬው ቂጣ ብቻ ጠቅልላ ሰጠችውና ሸኘችው።

ኡላሊያ ቤቷ ገብታ ጋደም ከማለቷ ድምፁ መጣ። ስለ ጃኬቱ አልነበረም።

"እማማ፣ አባቴ መጥቶ ነበር?"

ጫማዋን በትክክል ሳታስር ወጣች። ፋብሪካው በር ላይ ፀሐይ እየመታት ሠራተኛው እስኪወጣ ቆመች። ብሪሴይዳ ከጓደኞቿ ጋር እየተሳሳቀች ስትመጣ ክንዷን ያዘቻት።

"ልጄ፣ ያቺን ጃኬት መልሺልኝ። የወደድሽውን ልብስ ምረጪ፣ እሰጥሻለሁ።"

"ምነው ዶኛ ላላ፣ ሚሊየነር ገዢ መጣልዎት እንዴ?" ብላ ሳቀች ብሪሴይዳ። የኡላሊያን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ከቦርሳዋ አወጣችላት። "ይውሰዷት። ስለብሳት ጀርባዬን ይበርደኛል። ጓደኞቼም ወንዝ ወንዝ ትሸቻለሽ እያሉ አስጠሉኝ።"

ኔክታሊ ያረፈው የከተማው መነኮሳት መንገደኛ በሚያሳድሩበት ቤት ነበር። ኡላሊያ ጃኬቷን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። ሰውዬው ሌላውን ሁሉ ትቶ ቀይ ክሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ከዳር እስከ ዳር።

"የኔ ስፌት ነው" አለ። "አጥር ቀደደባት። ሌላ ክር አልነበረኝም። ቀይ አስቀያሚ ነው ብላ ተነጫነጨች።" ቀና አለ። "ከየት አገኙት?"

ነገረችው። ማንሳቷንም፣ ማጠቧንም፣ መሸጧንም፣ ጠዋት መዋሸቷንም።

"ለምን ሸጡት?"

"ልበላ" አለች።

መልሱ አላስቆጣውም፤ አላጽናናውምም። ወደ ቦታው እንድትወስደው ጠየቃት። ሸምበቆው ሥር ሲደርሱ ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ሰነፍ መስሎ ይፈሳል፤ ከላይ ሲታይ ፍየል የሚሻገረው ይመስላል። ኔክታሊ ከጃኬቷ አጠገብ ጫማ ነበር ወይ አላት። ነበር፣ ሸጥኩት አለችው። ሻንጣስ? ሻንጣ አልነበረም። ቁጭ ብሎ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ "ሻንጣውን ይዛው ገብታለች ማለት ነው" አለ። "ዋና ታውቃለች። ጃኬት ያወለቀ ሁሉ አይሞትም።"

ኡላሊያ ያን ጊዜ መናገር አልነበረባት ይሆናል። ግን አንዴ ጀምራለች፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይብሳል። ስለ ድምፁ ነገረችው። ሰውዬው እንደ እብድ ያየኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ በለሆሳስ ጠየቃት።

"በርዷት ነበር?"

"እንጃ። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። በጨዋ ደንብ ነው የምትጠይቀኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ፣ እያለች።"

"እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት" አለና ፊቱን በጃኬቷ ሸፍኖ አለቀሰ። ኡላሊያ ኤቫሪስቶን ስትቀብር ያልወጣላት እንባ አጠገቡ ቆማ ወረደላት።

ጥቂት ቀን ሰነበተ። አስከሬን ቤቱን ጠየቀ፣ መነኮሳቱ ማዶ ያሉትን ሁሉ ጠየቁለት። ሱያፓን በሕይወትም በሞትም ያየ አልተገኘም። ጃኬቷን ለብሶ፣ ጠብባው እጅጌዋ ክርኑ ላይ ቀርታ፣ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ተመለሰ።

ኡላሊያ ከዚያ በኋላ አንድም የወንዝ ልብስ አልሸጠችም። ማንሳቱን ግን አልተወችም። ሳታጥብ፣ እንዳገኘችው፣ በሁለተኛው ክፍሏ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ድልድዩ ተከፍቶ ቦንዳ ሲመለስ ገበያዋም ተመለሰ፤ ክፍሉ ግን አልተነካም። መነኮሳቱ ዘመድ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ወደ እሷ ይልኩታል። አንዲት የጓቲማላ ሴት የልጇን ቀበቶ አግኝታ ሄዳለች። አብዛኛው ሰው ዞር ዞር ብሎ፣ አንዱን ልብስ ዳስሶ፣ ሌላውን አሽትቶ፣ ባዶ እጁን ይወጣል።

ጃኬቷ ሄዳለች ብሎ ግቢው ዝም አላለም። አሁን የሚጠይቋት ብዙ ናቸው፤ ጫማውን የሚፈልግ ወንድ፣ ቋንቋውን የማታውቀው ሌላ ሰው፣ አንዳንዴም ምንም የማይል፣ መዝጊያውን ብቻ የሚነካካ። ኡላሊያ በቀትር መተኛት ትታለች። ወንበሯን በራፉ ላይ ታወጣና እዚያ ተቀምጣ ልብስ ትጠቅማለች፤ ሲጠሯት እንድትሰማ።